ከሽልማቶቻችን ግርጌ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፤ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ አንድ ደንበኛ አንድ መወልወያ መርጦ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተ።

ቀጥሎ የልብስ መቆንጠጫ ከተተ። ባለ ሃያ አራቱን፣ ሰማያዊውን።

ከዚያ መወልወያውን መልሶ አወጣው።

በዚህ ዓለም ላይ ይህን አይቶ ልቡ የሚደልቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር። እሱም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ፣ ሰባተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ደረቅ ብስኩት ያላምጥ ነበር።

የምስጢር ስሙ ምስጥ ነው።

መወልወያ ገባ፣ መቆንጠጫ ገባ፣ መወልወያ ወጣ። ሲፈታ፦ ዛሬ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ መነጽር ቤቱ። ሳሙና ቢጨመርበት «ታውቀሃል፣ ውጣ» ማለት ነበር። ሳሙና አልተጨመረም። ምስጥ ብስኩቱን ዋጠ።

«ይኸው መጣላችሁ!» አለ ከጎኑ ያለው ባልደረባው። «የመወልወያው ሰውዬ! በሳምንት ሁለቴ ከቶ ሁለቴ ያወጣዋል። ወይ ይግዛው ወይ ይተወው፤ ምን ያንከራትተዋል?»

ክፍሉ ሳቀ። ምስጥም ሳቀ። በዚህ ክፍል የማይስቅ ሰው ያስጠረጥራል።

ክፍሉ «መመልከቻ» ይባላል። የኦንላይን ሱቁ ደንበኞች ቤታቸው ቁጭ ብለው ሲገበያዩ፣ እዚህ ዘጠኝ ሰዎች ቁጭ ብለው ያዩዋቸዋል። ስማቸው አይታይም። ስልካቸውም አይታይም። የምትታየው አንዲት ቀይ ነጥብ ናት። ደንበኛው የሄደበት ትሄዳለች፤ ሲያመነታ ታመነታለች። መፈለጊያው ሳጥን ላይ የጻፈው ደግሞ ፊደል በፊደል ይነበባል፤ ጽፎ የሰረዘው ሳይቀር።

ምስጥ አራት ወር አይቷል። ሰው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ ቀዩን ምልክት ያያል። ፎቶ ያያል፣ ዋጋ ያያል፣ ጽሑፍ አያነብም። ከመጀመሪያው ረድፍ የሚያልፍ ጥቂት ነው። የፈለገውን ሲያጣ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ይጫናል፤ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። የሚከፍት ሲያጣ ያፍርና ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመለሳል። እስከ ግርጌው የሚወርድ ከመቶ ሁለት ቢገኝ ነው። ግርጌ ወርዶ ደግሞ «ስለ እኛ» የሚለውን የሚነካ፣ ወይ ሥራ ፈላጊ ነው ወይ ከሳሽ።

ሱቁ ይህን ሁሉ ያውቃል። ስለሚያውቅም ነው ማስታወቂያውን እዚያ የቀበረው።

«ስለ እኛ»። ከዚያ «ታሪካችን»። ከዚያ «ሽልማቶቻችን»። ከሰባት የምስክር ወረቀት ፎቶ ግርጌ፣ ግራጫ ላይ በግራጫ የተጻፈ ሦስት መስመር፦ «ነጭ ማሞቂያ፣ ባለ ሁለት ዘንግ። ገመዱ ቀልጦ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ወዲያውኑ ከሶኬት ይንቀሉ። ለሱቁ ይመልሱ።» ሕጉ ማስታወቂያ ይውጣ ይላል። የት ይውጣ አይልም። እነሆ ወጥቷል፤ አምስት ወሩ።

ማሞቂያው አሥራ አንድ ሺህ ቤት ገብቷል።

ከሁለት ወር በፊት ባለመጋረጃው የሚሉት ደንበኛ ነበር። መፈለጊያው ላይ «ገመዱ ይግላል» ብሎ ጻፈ። ሱቁ ጓንት አሳየው። በማግስቱ «ገመዱ ቀለጠ የት ልደውል» ብሎ ጻፈ። ሱቁ የስልክ መሸፈኛ አሳየው። በሦስተኛው ቀን አንድ ጥንድ መጋረጃ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተና ወጣ። ነጥቡ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። ሱቁ ግን አልረሳውም፤ በየጠዋቱ «መጋረጃዎ እየጠበቀዎት ነው!» የሚል መልእክት ይልክለታል።

«ሌላ ሱቅ ሄዶ ነዋ» ብሎ ነበር ያን ጊዜ ባልደረባው። ዘጠኙም ተመልካቾች ይህን መልስ ወደዱት። ምስጥ የዚያን ዕለት ምሳውን አልበላም።

ባልደረባውን ባለዘመዱ ይሉታል። ሥራው «ዘመዶችን» መላክ ነው። ዘመዶች ሰዎች አይደሉም፤ ደንበኛ መስለው ሱቁ ውስጥ የሚዞሩ የኮምፒውተር ነጥቦች ናቸው። ሱቁ የመጀመሪያውን ረድፍ በራሱ ይሞላል፤ ብዙ ሰው የሚያየውን ሁሉ ወደ ፊት ያወጣና «ተፈላጊ!» የሚል ቀይ ምልክት ይለጥፍበታል። ስለዚህ ያልተሸጠ ሽቶ ሲኖር ባለዘመዱ አራት ሺህ ዘመድ ይልክበታል። ሽቶው ተፈላጊ ይሆናል። ከዚያ እውነተኛው ሰው ሰልፉን አይቶ ይሰለፋል።

«ለሠርግም እኮ አጃቢ ይከራያል» ይላል ባለዘመዱ። «እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ያ ሰውዬ አይገዛም» አሉ ከኋላ።

ሳቁ ቆመ። የክፍሉ አለቃ ናቸው፤ እትዬ ዱካ። ሠላሳ ዓመት እውነተኛ ሱቅ ባንኮኒ ኋላ ቆመው የሰው እጅ ሲያዩ ኖረዋል። አሁን ነጥብ ያያሉ። ነጥቧን አይተው «ይቺ ዛሬ ከባሏ ተጣልታለች» ይላሉ፤ አይሳሳቱም። ክፍሉ ብርዳም ነው፤ ታች አዳራሹ ውስጥ ስድስት ነጭ ማሞቂያ አለ፤ እሳቸው ግን አንዱንም አላስገቡም። ሁለት ሹራብ ደርበው ይቀመጣሉ። ለምን ሲሏቸው «ሙቀት ያስተኛል» ነው መልሳቸው።

«ገዢ ሰው ዕቃ ከቅርጫት ሲያወጣ ይሳሳል» አሉ። «ዞር ብሎ አንዴ ያየዋል። ይሄ ግን ያወጣና እልም ይላል። ለራሱ አይደለም የሚከተው። ለሚያየው ሰው ነው።»

ምስጥ ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን አላነሳም።



«አርጅተዋል እትዬ» አለ ባለዘመዱ። «ቀጥለው ደግሞ ሰላይ ነው ይሉናል።»

«እኔ ምን አውቄ» አሉና ወንበራቸውን ወደ ምስጥ ስክሪን አስጠጉ። «ይልቅ እማማ ቀስ ገብተዋል።»

እማማ ቀስ የሚሏቸው ነጥባቸው ስለምትጎተት ነው። እንደ ገበያ ሴት ከዳር ይጀምራሉ፤ ሁሉንም ያያሉ፤ የማይገዙትን ዕቃ ሳይቀር በትዕግሥት ያነቡለታል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ምንም አያዩም። በቀጥታ መፈለጊያው ላይ ነው የሚጽፉት።

«ማሞቂያው ይሸታል።»

ሱቁ የክፍል ሽቶ አሳያቸው። ባለ ላቬንደሩን።

«አይ ልጄ የገመዱ ነው የሚሸተው።»

ከሱቅ መስኮት ጋር ያወራሉ። ሱቁ ሌላ ነጭ ማሞቂያ አሳያቸው።

ነጥቧ ቆመች። ከዚያ ፊደል በፊደል፦ «ባለቤቴ ከአልጋ መነሳት አይችልም እግሩ ሥር ነው ያለው ልንቀለው ወይስ ችግር የለውም።»

ሱቁ ትንሽ አሰበ። የወንድ የቤት ጫማ አሳያቸው፤ ከቁጥር አርባ እስከ አርባ አራት።

«ያው ማንም ሰው የሸተተ ዕቃ ራሱ ይነቅላል» አለ ባለዘመዱ ድምፁን ቀነስ አድርጎ። ማንም አልሳቀለትም። ማንም አልተቆጣውምም። ምስጥ ቅጹን ሞላ፤ ሥራው ነውና። የደንበኛ ፍላጎት፦ ሽቶ፣ የቤት ጫማ። ጣቱ ላይ የሆነ የሚያጣብቅ ነገር ያለ መሰለው። በሱሪው ጠረገው። አልለቀቀም።

መነጽር ቤቱ ሁለት መታጠፊያ ይርቃል። ምስጥ አንድ ጊዜ የጫማውን ክር አሰረ፣ አንድ ጊዜ በሱቅ መስታወት ኋላውን አየ፣ አንድ ጊዜ መንገድ ተሻግሮ ተመለሰ። የተከተለው የለም። አራት ወር ሙሉ እንዲህ ተጠንቅቆ አንድ ሰው እንኳ አለመከተሉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ቅር ያሰኛል።

ተረኞች የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ አንድ ወፍራም ሰው ጋዜጣ ይዘው ተቀምጠዋል። የቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ሰው ናቸው። የምስጢር ስማቸው አጎት። ምስጥን ሰባት ዓመት ያሠሩት እሳቸው ናቸው፤ መወልወያውን ከቅርጫት የሚያወጡትም እሳቸው፤ ምስጥ የሚባል ሰው መኖሩን የሚያውቁትም እሳቸው ብቻ።

«ዓይንህ እንዴት ነው?»

«ቅርቡን ያያል፤ ሩቁ ይደበዝዛል።»

የይለፍ ቃሉ ተሟላ። ምስጥ የመነጽር ማኅደር አግዳሚው ላይ አኖረ። ውስጡ ፍላሽ አለ።

«ምን ይዟል?»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደንበኛ። ጋለ፣ ሸተተ፣ ቀለጠ ብሎ የፈለገ ሁሉ። ሁሉም ባዶ እጃቸውን ሲወጡ ይታያሉ። ጌታዬ፣ አንዲት ሴትዮ አሉ፤ ባላቸው አልጋ ላይ ነው፤ እግሩ ሥር ነው ያለው። ቀን አይሰጥም።»

«የኔ ልጅ፣ ያንተ ሥራ ማየት ነው። ምንም እንዳትነካ። አንዲት ነገር ነካህ ማለት የአራት ወር ልፋታችን ገደል ገባ።»

«ነገ ደግሞ የግልጽነት የምስክር ወረቀት ልትሰጧቸው ነው አሉ። ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ኬክ አለ ይላል።»

«ማዘናጊያ ነው። እንዲዝናኑ።» አጎት ጋዜጣውን ገለበጡ። «ደንበኞቹ ባዶ እጃቸውን ወጡ አልክ። ምን ሊያገኙ ነበር?»

«ማስታወቂያውን። ይንቀሉ የሚለውን። አለ እኮ፤ ቀብረውታል።»

አጎት ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው መገረም እውነተኛ ይመስል ነበር። «የምን ማስታወቂያ? እኔ አላየሁም። የት ነው?»

ምስጥ አፉን ሲከፍት የመነጽር ባለሙያዋ መጋረጃውን ገለጠች። «ተረኛ! አንተ ነህ? ና ቁጭ በል፤ የግራ ዓይንህን ሸፍን።»

ሸፈነ። ፊደል አነበበ። ከመጋረጃው ሲወጣ አግዳሚው ላይ ጋዜጣ ብቻ ቀርቷል። ጠርዙ ላይ በእርሳስ፦ «ቦታውን በኋላ ትነግረኛለህ። ነገ ይፋ አስወጣዋለሁ።»

ሌሊቱን ምስጥ በደንብ ተኛ። የሚያሳፍረው ይህ ነው።

ረቡዕ አምስት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀር የመወልወያው ሰውዬ ገባ።

«መጣ! ዛሬ ይገዛዋል፣ ማን ይወራረደኛል?» አለ ባለዘመዱ።

ነጥቧ መወልወያውን አላየችም። ቀዩን ምልክት አላየችም። የመጀመሪያውን ረድፍ ዞር ብላም አላየች። ቁልቁል ወረደች።

«ስለ እኛ»።

«ታሪካችን»።

«ሽልማቶቻችን»።

ግርጌ።

አሥራ አንድ ሰከንድ። ሦስት ጊዜ ተጫነ፤ አንድም ጊዜ አላመነታም። ግራጫው ላይ ሁለት ሰከንድ ቆመ፣ መኖሩን እንደሚያረጋግጥ። ወጣ።

ምስጥ ቦታውን ለአጎት አልነገራቸውም። ፍላሹ ውስጥም የለም።

«አያችሁ?» አሉ እትዬ ዱካ ቀስ ብለው። «እንግዳ ሰው እዚያ ገጽ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ይዞራል። ይሄ ሰውዬ ቤቱን ያውቀዋል። ያውም ከድሮ።»

ምስጥ የያዘውን ብስኩት ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠ።

በዚያው ቅጽበት የሁሉም ስክሪን ላይ የሥራ ትእዛዝ ብቅ አለ፦ «ዛሬ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ‹ሽልማቶቻችን› የሚለው ገጽ በአዲስ ይተካል። አሮጌው ከነግርጌው ይሰረዛል። እንኳን ደስ አለን!»

አዲሱ የምስክር ወረቀት የሚሰቀለው በማስታወቂያው መቃብር ላይ ነው። የግልጽነት የምስክር ወረቀት።

ምስጥ ውሃ ልጠጣ ብሎ ወጣ። ደረጃው ላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ጋ፣ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ወፍራም ሰው ኮሌታው ላይ አበባ ሰክቶ ከአዳራሹ ወደ ላይ ሲወጣ አገኘው። የክብር እንግዳው።

አጎት።

ሁለቱም ቆሙ። ደረጃው ባዶ ነበር።

«አሥራ አንድ ሰከንድ» አለ ምስጥ።

አጎት አልካደም። ትንሽ ያለከልካል፤ ደረጃ አይወድም። «ማሞቂያውን ፈትሾ ያሳለፈው ማን ይመስልሃል? ማኅተሙ ሥር የማን ፊርማ ነው?»

ሰባት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ብሎታል። አሁን አፉ እምቢ አለው።

«ታዲያ አራት ወር ምን ስታስለቅመኝ ነበር?»

«ማን ምን እንደሚያውቅ። ማወቅ ነበረብኝ።» አጎት የኮሌታውን አበባ አስተካከለ። «አሁን አወቅሁ። መመልከቻው ክፍል ያሉት አይተው አይናገሩም። የምትናገረው አንተ ነህ። አንተ ደግሞ የለህም። መዝገብ ላይ ስምህ የለም፤ ደመወዝህ በመወልወያ ግዢ ስም ነው የሚወጣው። ስድስት ሰዓት ላይ ገጹ ይጠፋል። አንተም አብረህ።»

«ሴትዮዋስ?»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

እየቀለደ አልነበረም። ረስቷቸዋል።

ከታች ጭብጨባ ተሰማ። አጎት የምስጥን ትከሻ መታ መታ አደረገና ወረደ። የነካው ቦታ ላይ ልብሱ የረጠበ መሰለው።

አምስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት።

መመልከቻው ክፍል ባዶ ሆኗል ማለት ይቻላል። ስድስቱ ለበዓሉ ወርደዋል። ባለዘመዱ ኮምፒውተሩ ጋ ተጎልቷል፤ እትዬ ዱካ ሹራባቸው ውስጥ። የምስጥ ስክሪን ላይ እማማ ቀስ ገብተዋል።

«ዛሬ ጭስ አለው።»

ሱቁ የከሰል ምድጃ አሳያቸው።

«ስጋ አይደለም የምጠብሰው ልጄ።»

ምስጥ ፊቱን አዞረ። «ኬኩ እየተቆረሰ ነው» አለ።

ባለዘመዱ ዘሎ ተነሳ። «ሳይጠሩን?»

«ባለ ሁለት ደርቡ ነው። የላይኛውን ጨርሰውታል።»

«እነዚህ የፋይናንስ ሰዎች እኮ! አንድ ቀን ሳህኑንም ይበሉታል!» ኮምፒውተሩን ሳይቆልፍ በሩን አልፎ ደረጃውን ወረደ።

ምስጥ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ገና ሞቃት ነበር።

የዘመዶች ሰሌዳ ቀላል ነው። የት ይሂዱ? ስንት ይሁኑ? ላኪው ማነው? የመጀመሪያው መስመር ላይ «ሽልማቶቻችን»፣ ግርጌ፣ ማስታወቂያ ብሎ መረጠ።

«የባለዘመዱ ወንበር ላይ ምን ትሠራለህ?»

ጣቱ ቆመ።

«ዘመድ እየላክሁ ነው፣ እትዬ።»

«ወዴት?»

መዋሸት ይችል ነበር። ሥልጠናው አለው፤ ሰባት ዓመት ሠርቶበታል። ግን አስጠላው። ውሸቱ አፉ ውስጥ እንደ ደረቅ ብስኩት ተንከባለለ።

«ወደ ግርጌው።»

እትዬ ዱካ ትክ ብለው አዩት። የመወልወያው ሰውዬ በገባ ቁጥር ሰባተኛው ወንበር ምሳ ቀድሞ እንደሚወጣ ካወቁ ሦስት ወራቸው ነበር፤ ይህንንም ምስጥ አሁን ነው ፊታቸው ላይ ያነበበው። ተነሡ። ወደ በሩ ሄዱ።

አበቃልኝ አለ በልቡ።

እትዬ ዱካ በሩን ከውስጥ ቆለፉት።

«ስንት ልትልክ ነው?»

«አራት ሺህ።»

«አይበቃም። ሽቶው ዛሬ ስድስት ሺህ አለው። ስምንት አድርገው።» መጥተው ከጎኑ ቆሙ። «ባለመጋረጃውንም ያየሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ቀን። ቅጹን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ‹ፍላጎት፦ ጓንት› ብዬ። ላኪ የሚለው ላይ የኔን ቁጥር ጻፍ።»

«ጡረታዎ ሁለት ወር ነው የቀረው።»

«ጡረታዬን ማን ጠየቀህ አንተ!»

ግን እሱ የራሱን ቁጥር ጽፎ ጨርሶ ነበር። ሰባት። ስምንት ሺህ። ላክ።

ሱቁ አሰበ።

አምስት ሰዓት ከአርባ አራት።

ሱቁ አሁንም አሰበ።

ከዚያ የመጀመሪያው ረድፍ ተንቀሳቀሰ። ሽቶው አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ገፋ አለ፣ ለታላቅ ሰው ቦታ እንደሚለቅ። በባዶው ቦታ ላይ ፎቶ የሌለው ግራጫ ሳጥን ገባ፤ በውስጡ ሦስት መስመር። ሱቁ በራሱ እጅ ቀይ ምልክት ለጠፈበት፦ «ተፈላጊ! ስምንት ሺህ ሰዎች አሁን እያዩት ነው! ሳያልቅ ይፍጠኑ!»

ነጥቦች መምጣት ጀመሩ። እነዚህ ዘመዶች አይደሉም። ዘመድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ እነዚህ ይንቀዠቀዣሉ፤ ይነካሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግመው ያነባሉ። መቶ። አራት መቶ። ሁለት ሺህ።

«እማማ ቀስ የታሉ?» አሉ እትዬ ዱካ።

እዚያው መፈለጊያው ጋ ነበሩ። ነጥባቸው ቀና አለች። ወደ ቀዩ ምልክት ተጓዘች፤ በራሷ ፍጥነት፣ የሽቶውን ስም ሳይቀር መንገድ ላይ እያነበበች።

«ቶሎ በሉ እንጂ እማማ» አለ ምስጥ ለስክሪኑ። እሱም ከሱቅ መስኮት ጋር ማውራት ጀምሯል።

ደረሱ። አነበቡ። ነጥቧ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመች።

አንድ ደቂቃ። ሁለት።

አራት።

እትዬ ዱካ ሳያውቁት የምስጥን እጅጌ ይዘው ነበር።

ነጥቧ ተነቃነቀች። መፈለጊያው ላይ ተጻፈ፦ «ነቀልኩት።»

ሱቁ ማከፋፈያ ገመድ አሳያቸው፤ ባለ አምስት ሶኬቱን፣ በቅናሽ።

እትዬ ዱካ ሳቁ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና በሹራባቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሂድ በል» አሉ። «ሲጠይቁኝ ሰባተኛው ወንበር ላይ ማን እንደነበር አላስታውስም። አርጅቻለሁ፤ ባለዘመዱ ይመሰክራል።»

ምስጥ መታወቂያውን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ተወው። ስልኩን አወጣ። ለሰባት ዓመት በቃሉ የያዘውን የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር ደወለ። «የደወሉለት ቁጥር አገልግሎት ላይ የለም» አለችው አንዲት ትሁት ሴት። ስልኩ ውስጥ ሌላ የሚደውልለት ቁጥር አልነበረም። ለእህቱ እንኳ ውጭ አገር ነኝ ብሏታል።

መውጫው በአዳራሹ በኩል ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ምስጥ ከአስተናጋጆቹ ኋላ፣ ባዶ ሳህን አንስቶ እንደ አስተናጋጅ ቆመ። ማንም አላየውም። ባለዘመዱም ኬኩን እየዋጠ በአጠገቡ አልፎ ሳህኑን ሰጠው።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ነበር፤ ሱቁ በቀጥታ ይታይበታል። ግራጫው ሳጥን አልጋ ያክላል። ሃያ ሁለት ሺህ ሰዎች እያዩት ነበር። ስድስቱ ነጭ ማሞቂያዎች ዙሪያውን ቀልተው ያበራሉ፤ እንግዶቹ ካፖርታቸውን አውልቀዋል። የሱቁ ባለቤት መድረኩ ላይ ነው፣ አጎት ከጎኑ የምስክር ወረቀቱን ይዞ።

«የቴክኒክ ስህተት ነው» አለ ባለቤቱ ፈገግ ብሎ። «አትደናገጡ። ማሞቂያችን ፍጹም አስተማማኝ ነው። እኔ ራሴ ማታ ማታ አጠገቡ ነው የምተኛው።»

«በመሥሪያ ቤታችን ተፈትሾ ያለፈ ነው» አለ አጎት። «ለዚህም ነው ዛሬ እዚህ የቆምነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ።

አጎት በአንድ እጁ የምስክር ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ለፎቶ ቆመ። ፈገግታው አልተነቃነቀም። ከዚያ የጫማውን ክር እንደሚያስር ሰው ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ፤ ሌላው እጁ ወደ ታች ሄደ። ከመድረኩ ሥር ያለውን ገመድ ያዘና ከሶኬቱ ነቀለው።

አንደኛው ማሞቂያ ጠፋ።

የባለቤቱ ጸሐፊ አየችው። ወንበሯን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋችና በጫማዋ ጫፍ ሁለተኛውን ነቀለች። ከፋይናንስ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። ጭብጨባው አልቆመም፤ እያጨበጨቡ ነበር የሚሄዱት። ባለቤቱ ንግግሩን ቀጠለ፤ ስለ አደራ፣ ስለ ደንበኛ ክብር። እየተናገረ አንድ ወረቀት እንደወደቀበት ሁሉ አጎነበሰ፣ ከእግሩ ሥር ያለውንም ነቀለ።

የመጨረሻዋ ቀይ መብራት ስትጠፋ እንግዶቹ ካፖርታቸውን መልሰው መደረብ ጀመሩ፤ ማንም ማንንም ሳያይ።